ባትሪው ሲያልቅ ምን ይቀራል? ትንሽና ርካሽ ማንዋል ፊልም ካሜራ ለመምረጥ

የመጀመሪያ ፊልም ካሜራዬን የመረጥኩት በመልኩ ነበር። ከላይ ብርማ፣ ከታች ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ መዳፍ ውስጥ ልክክ የሚል። ሻጩ «ማንዋል ነው» አለኝ። ሌንሱ ላይ ቁጥሮች ነበሩ፣ ቀለበቶቹም ይዞራሉ፤ አምኜ ገዛሁት። ወንድሜ የተመረቀ ቀን ከአባቴ ጎን ቆሞ ቆቡን ሲያስተካክል ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ሹተሩን ተጫንኩት። ድምፅ የለም። ባትሪው አልቋል። ቀለበቶቹን አዟዟርኩ፣ ማንሻውን ደግሜ ሳብኩ፤ ምንም። ውስጡ ዘጠኝ ያልተነሳ ፍሬም ነበረ። አባቴና ወንድሜ ፈገግ እንዳሉ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ሰው ጠራቸውና ሄዱ።

ይህን መመሪያ ያስጻፈኝ ያ ቀን ነው። ገበያ ላይ «ማንዋል» ተብለው የሚሸጡ ካሜራዎች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፍጥነቱንም (ሹተሩ፣ ማለትም ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደው መዝጊያ፣ ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ) አፐርቸሩንም (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፤ ኤፍ የሚባለው ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እናንተ የምትወስኑበት፣ ሹተሩም በስፕሪንግና በማርሽ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ባትሪ ቢኖረውም ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው ሁለቱንም እንድትወስኑ ይፈቅዳል፣ ሹተሩን የሚያንቀሳቅሰው ግን ኤሌክትሪክ ነው። ሦስተኛው ግማሹን ብቻ ይተውላችኋል፤ አፐርቸሩን እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ፍጥነቱን እሱ ይወስናል። የእኔው ከሦስተኛው ወገን ነበር። ሦስቱም ጥሩ ፎቶ ያነሳሉ፤ ገዢው የትኛውን እየገዛ እንደሆነ ሳያውቅ ከገዛ ግን ቆይቶ ያዝናል።

መስፈርቶቹ

የካሜራ ስም ከማንሳታችን በፊት የምንለካበትን ነገር እንወስን። እኔ አምስት ነገር አያለሁ፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከቀሩት ሦስቱ ይበልጣሉ።

አንደኛው የተናገርኩት ነው፦ ባትሪው ሲያልቅ ሹተሩ ይሠራል ወይ? ሻጩን ባትሪውን አውጥቶ በሁሉም ፍጥነት እንዲሞክርላችሁ ጠይቁት። ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ፎከስ ነው፤ ሰዎች ስለ ሌንስ ስም ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነው። ትንንሽ ካሜራዎች ፎከስ የሚደረጉት በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በግምት ነው። ርቀቱን በዓይናችሁ ትገምታላችሁ፣ የሌንሱን ቀለበት በዚያ ቁጥር ላይ ታደርጋላችሁ፤ ካሜራው አያርማችሁም። አስፈሪ ይመስላል፣ ነገር ግን ቁጥሩን ተመልከቱ። 40 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 8 ላይ ተደርጎ ቀለበቱ 3 ሜትር ላይ ቢቆም፣ ከ2.1 ሜትር ገደማ እስከ 5.4 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቀን ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ችግሩ ብርሃን ሲደክም ነው። ያው ሌንስ ኤፍ 3.5 ላይ ተከፍቶ 1.5 ሜትር ላይ ላለ ሰው ቢደረግ፣ ጥርት የሚለው ወርድ ወደ 30 ሳንቲሜትር ይጠባል። ማታ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎችን በግምት ፎከስ ማድረግ ልምድ ይፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ሬንጅፋይንደር ነው። መመልከቻው መሐል ላይ ትንሽ ቢጫማ ጥላ አለ። ቀለበቱን ስታዞሩ ጥላው ይንሸራተታል፤ የሰውየው የሸሚዝ ቁልፍ ሁለት ሆኖ ይታይና ቀስ እያለ ይጠጋጋል፤ አንድ ሲሆን ፎከሱ ገብቷል። ሦስተኛው ኤስኤልአር ነው። በመስታወት አማካኝነት በሌንሱ በራሱ ውስጥ ታያላችሁ፤ የደበዘዘው ደብዝዞ፣ የጠራው ጠርቶ ይታያል። ካሜራው ግን ለመስታወቱ ቦታ ስለሚፈልግ ይወፍራል።

እንግዲህ ራሳችሁን የምትጠይቁት ይህን ነው፦ አብዛኛው ፎቶዬ ቀን በውጭ ነው ወይስ ማታ በቤት ውስጥ? መልሱ ቀን ከሆነ በግምት የሚሠራው ይበቃችኋል፣ ትንሹና ቀላሉም እሱ ነው። መልሱ ቤት ውስጥ ከሆነ ሬንጅፋይንደር ወይም ኤስኤልአር ያስፈልጋችኋል። ለምሳሌ ኤፍ 1.7 የሚከፈት 40 ሚሊሜትር ሌንስ አንድ ሜትር ላይ የሚያጠራው ስድስት ወይም ሰባት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ይህን ማንም በግምት አይመታውም።

ሦስተኛው መስፈርት የብርሃን መለኪያው ነው። ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ የመጡ ብዙ ካሜራዎች መለኪያቸው የተሠራው 1.35 ቮልት ለሚሰጥ ፒኤክስ 625 የሜርኩሪ ባትሪ ነው። ሜርኩሪ መርዝ በመሆኑ ይህ ባትሪ ዛሬ አይመረትም። በልኩ የሚሸጠው የአልካላይን ባትሪ 1.5 ቮልት ነው፤ ከፍ ባለው ቮልት የተነሳ ብዙዎቹ መለኪያዎች ብርሃኑን ከእውነቱ አብዝተው ያነባሉ፣ ፊልሙም ብርሃን ያንሰዋል። መስማት የሚያዳግተው ሰው ጆሮው ላይ በሚያደርገው መሣሪያ ውስጥ የሚገባው 675 ቁጥር የዚንክ ባትሪ በቮልቱ ወደ ድሮው በጣም ይጠጋል፤ ሰውነቱ ጠበብ ስለሚል ግን ቀለበት ይፈልጋል፣ ልጣፉ ከተነሳ በኋላም ዕድሜው አጭር ነው። ሴሌኒየም የሚባለው የድሮ መለኪያ ደግሞ ባትሪ አይፈልግም፤ ፊቱ ላይ የማር እንጀራ የመሰለ መስታወት ያለው እሱ ነው። ነገር ግን በዕድሜ ይደክማል፣ ከደከመም መተካቱ አድካሚ ነው። እኔ የመለኪያ መበላሸትን ካሜራ ለመተው በቂ ምክንያት አድርጌ አላየውም። ስልክ ላይ የሚጫን መለኪያ አለ፤ ቀን ላይ ደግሞ የድሮው ሕግ ይሠራል፦ ጠራራ ፀሐይ ላይ አፐርቸሩን ኤፍ 16፣ ፍጥነቱን ለፊልሙ አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ምን ያህል ስሱ እንደሆነ ለሚናገረው ቁጥር) ቅርብ በሆነው ቁጥር አድርጉት። በአይኤስኦ 200 ፊልም 1/250 ሰከንድ ማለት ነው።

አራተኛው መጠን ነው። ሰው ክብደት ይጠይቃል፤ ኪስ ውስጥ መግባት አለመግባቱን የሚወስነው ግን ውፍረት ነው፣ እሱም ከነሌንሱ። አምስተኛው ጤንነት ነው። እዚህ ከምናወራቸው ካሜራዎች አብዛኞቹ አርባ ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። አንድ የተፈተሸና የተጠገነ ተራ ካሜራ፣ ከመሳቢያ ዛሬ ከወጣ ዝነኛ ካሜራ ይሻላል።

ስሜና 8ኤም

ሌኒንግራድ ውስጥ የሎሞ ፋብሪካ ከ1970 ጀምሮ ያመረተው የፕላስቲክ ካሜራ ነው፤ የተሠራው ቁጥር ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል። ባትሪ የለውም፣ መለኪያ የለውም፣ ፎከሱም በግምት ነው። ሌንሱ ባለ ሦስት መስታወት 40 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 4 ነው፤ ፍጥነቱ ከ1/15 እስከ 1/250 ይደርሳል።

ይህን ካሜራ የምወድለት ምክንያት ማስተማሩ ነው። ፊልሙን መሳብና ሹተሩን መወጠር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሌንሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ማንሻ በጣታችሁ ወደ ታች ካልገፋችሁ ሹተሩ አይሠራም። ፊልሙን መሳብ ረስታችሁ ማንሻውን ብቻ ከወጠራችሁ ሁለት ፎቶ አንድ ላይ ይደራረባሉ። በመጀመሪያው ፊልም ይህ ይደርስባችኋል፣ በሁለተኛው ግን እጃችሁ ቅደም ተከተሉን ይለምደዋል። ፈጣኑ ፍጥነት 1/250 በመሆኑ አይኤስኦ 100 ወይም 200 ፊልም ይስማማዋል። አይኤስኦ 400 ቢገባበትም ጠራራ ላይ ኤፍ 16 እና 1/250 አድርጋችሁ ትንሽ ብርሃን ይበዛበታል እንጂ አይበላሽም፤ ኔጋቲቭ ፊልም የበዛን ብርሃን ካነሰው ይልቅ ይታገሣል።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ኤፍ 4 ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ አያዛልቅም፣ የሌንሱ ዳርም ለስለስ ይላል። ከዝርዝሩ ርካሹ እሱ ነው፤ ለመማርና «ፊልም ለእኔ ነው ወይ?» ለሚል ሰው ከዚህ የሚሻል መግቢያ አላውቅም።

ኦሊምፐስ ፔን ኤስ

ፊልም የተወደደበት ሰው ይህን ይመልከት። ፔን የሚባለው የግማሽ ፍሬም ቤተሰብ በ1959 ተጀመረ፤ ንድፉ የዮሺሂሳ ማይታኒ ነው። ፔን ኤስ በ1960 ተከተለ። እያንዳንዱ ፎቶ 18 በ24 ሚሊሜትር ስለሆነ ባለ 36 ፊልም 72 ፎቶ ይሰጣል። ሹተሩ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው፣ መለኪያ የለውም፣ ፎከሱ በግምት ነው። ሌንሱ 30 ሚሊሜትር ስለሆነ ጥርት የሚለው ወርድ ሰፊ ነው፤ ግምት ይቅር ይላል። ካሜራውን በተለመደው አያያዝ ስትይዙት ፍሬሙ ቁም ይሆናል። ለሰው ፎቶ ደስ ይላል፣ ሰፊ መልክዓ ምድር ለማንሳት ግን ካሜራውን ማጋደም ይጠይቃል። ኔጋቲቩ ግማሽ ስለሆነ በትልቁ ሲታተም የፊልሙ ቅንጣት ቶሎ ይታያል። ሌላው የማይነገር ነገር፣ 72 ፎቶ እስኪያልቅ ወራት ሊሄድ ይችላል፤ ውጤቱን ቶሎ ማየት የሚፈልግ ሰው ይሰለቻል።

ሮሌይ 35

ሃይንትስ ቫስከ የነደፈው ይህ ካሜራ በ1966 ሲወጣ ሙሉ 24 በ36 ሚሊሜትር ፍሬም ከሚያነሱት እጅግ ትንሹ ነበር። 97 በ60 በ32 ሚሊሜትር ነው፤ ክብደቱ ወደ 370 ግራም ይጠጋል፣ ለመጠኑ ከባድ ነው፤ ብረቱ ይሰማል። ሌንሱ ቴሳር 40 ሚሊሜትር ኤፍ 3.5 ሲሆን፣ በ1974 የመጣው 35 ኤስ ሶናር ኤፍ 2.8 አለው። ፍጥነቱ ከ1/2 እስከ 1/500 ነው፣ ሹተሩም ባትሪ አይጠይቅም።

ፍጥነቱና አፐርቸሩ ሁለት መዘውሮች ሆነው ከሌንሱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ካሜራውን ወደ ዓይን ሳታነሱ ከላይ ተመልክታችሁ ሁለቱን ቁጥሮችና የመለኪያውን መርፌ አንድ ላይ ታያላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ሳያያችሁ ሁሉንም አዘጋጅታችሁ አንዴ ብቻ ታነሳላችሁ። ይሁን እንጂ የራሱ ሥርዓት አለው። ሌንሱን ወደ ውጭ ስባችሁ እስኪቆለፍ ታዞሩታላችሁ። ስትመልሱት ደግሞ መጀመሪያ ፊልሙን መሳብ፣ ከዚያ ቁልፏን ተጭኖ ማዞርና ማስገባት ነው። ሳይወጠር በግድ የሚገፋው ሰው ካሜራውን ይጎዳል። ፊልም የሚሳበው በግራ አውራ ጣት ነው፣ ፍላሹ የሚሰካው ከሥር ነው፣ ጀርባው በሙሉ ተላቆ በእጅ ይቀራል። ባትሪውም ያለው ፊልሙ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ፊልም መሐል ላይ ካለቀ እስኪጨረስ ያለ መለኪያ ትቆያላችሁ።

ፎከሱ በግምት ነው፤ በዚህ ዋጋ ብዙ ሰው ሬንጅፋይንደር ስለሚጠብቅ ይህን ደግሜ ማለቴ ነው። ርካሽ ወንድሙ ቢ 35 ትሪዮታር ሌንስና ሴሌኒየም መለኪያ አለው፣ ከ1/30 በታች ያለ ፍጥነት ግን የለውም። ቀን ቀን ለሚያነሳ ሰው ቢ 35 ከዋናው ብዙም አያንስም፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ገንዘቡን ለፊልም ያተርፋል።

ኦሊምፐስ 35 አርሲ

ከትንንሾቹ ሁሉ ለብዙ ሰው ይስማማል ብዬ የማምነው ይህን ነው። የ1970 ካሜራ ነው፤ 410 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሌንሱ 42 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8፣ ፎከሱ በሬንጅፋይንደር ነው። ፍጥነቱን ከመረጣችሁለት አፐርቸሩን ራሱ ያስተካክላል፤ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሁለቱንም በእጃችሁ ትወስናላችሁ። የመረጣችሁት ፍጥነትና መለኪያው የጠቆመው አፐርቸር ሁለቱም መመልከቻው ውስጥ ይታያሉ፤ በዚህ መጠን ይህን የሚያሳይ ካሜራ ጥቂት ነው። ባትሪ ባይኖርም በማንዋል ይሠራል።

ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ በማንዋል ላይ ሲሆን መለኪያው አይሠራም፤ ስለዚህ በአውቶማቲክ ንባቡን አይታችሁ ከዚያ ወደ ማንዋል ትቀይራላችሁ፣ ወይም በራሳችሁ ትለካላችሁ። ሁለተኛ፣ ዝቅተኛው ፍጥነት 1/15 ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቢ (ጣታችሁ እስከተጫነው ድረስ ሹተሩ ክፍት የሚቆይበት) ብቻ ነው። በትሪፖድ ማታ ከተማ ለሚያነሳ ሰው ይህ ያስቸግራል። በእጅ ይዞ ለሚያነሳ ግን ከ1/15 በታች መውረድ ብዙም ትርፍ የለውም።

ካኖኔት ኪውኤል17 ጂ3

በ1972 የወጣው ካኖኔት የሚፈለገው በሌንሱ ነው፦ 40 ሚሊሜትር ኤፍ 1.7። ከ35 አርሲ ኤፍ 2.8 ጋር ሲነጻጸር አንድ ስቶፕ ተኩል ያህል ይበልጣል (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው)፤ 1/30 ላይ ሲደበዝዝ የነበረውን ሰው 1/60 ላይ ማንሳት ማለት ነው። ፍጥነቱ ከ1/4 እስከ 1/500 ነው። ፊልም ማስገባቱም ቀላል ነው፤ ጫፉን እስከ ምልክቱ ስባችሁ ጀርባውን ብትዘጉ ራሱ ይይዘዋል። እንደ አርሲው በማንዋል ላይ መለኪያው ይጠፋል፣ ሹተሩ ግን ያለ ባትሪ ይሠራል። 620 ግራም ስለሆነ ኪስ ውስጥ አይገባም፤ የትከሻ ማንጠልጠያ ካሜራ ነው። ማታ ቤተሰብ ለሚያነሳ ሰው ያንን ክብደት መሸከም ዋጋ አለው።

እነዚህ ሁሉ ካሜራዎች ሹተራቸው ሌንሱ ውስጥ ያለ ቅጠል ሹተር ነው። ድምፁ ትንሽ «ቅጭ» ነው፣ ፍላሽንም በማንኛውም ፍጥነት ይቀበላል። ቀን ላይ ጥላ ያጠላበትን ፊት በፍላሽ ማብራት የሚፈልግ ሰው ይህን ጥቅም ኤስኤልአር ላይ አያገኘውም፤ ከታች የምናያቸው በአብዛኛው ፍላሽ የሚቀበሉት እስከ 1/60 ብቻ ነው።

ኦሊምፐስ ኤክስኤ

ሙሉ ማንዋል አይደለም፤ ዝርዝሩ ውስጥ የገባው ሰው ሁሉ ስለሚጠይቅ ነው። የ1979 ሥራ ነው፣ ማይታኒ የነደፈው፣ 225 ግራም ብቻ። ሬንጅፋይንደር አለው፣ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ አለው፣ ተንሸራታች ክዳኑ ሌንሱን ይሸፍናል። አፐርቸር ትመርጣላችሁ፣ ፍጥነት እሱ ይመርጣል። የአይኤስኦ ቁጥሩን በመቀየር ማብዛትና ማሳነስ ይቻላል። ባትሪ ከሌለ ግን ፎቶ የለም። ለመሸከም የሚቀለው እሱ ነው፤ ለመማር ግን አልመክረውም።

ፔንታክስ ኤምኤክስ፣ ኦሊምፐስ ኦኤም-1፣ ፔንታክስ ኬ1000

ኤስኤልአር ሁሉ ትልቅ ነው የሚል ሰው ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን እጁ ላይ ይያዛቸው። የኦሊምፐሱ በ1972 ኤም-1 ተብሎ ወጣ፣ ካሜራ አምራቹ ላይካ በስሙ ላይ ቅሬታ ስላቀረበ ኦኤም-1 ተባለ፤ ያለ ሌንሱ 510 ግራም ነው። ፔንታክስ በ1976 በኤምኤክስ መለሰ፤ 495 ግራም። ሁለቱም ከ1 ሰከንድ እስከ 1/1000 ያለ ባትሪ ይሠራሉ፣ ባትሪው ለመለኪያ ብቻ ነው፣ መለኪያውም በማንዋል ላይ ሁልጊዜ ይሠራል፤ ለተማሪ ይህ ከሬንጅፋይንደሮቹ የሚበልጥበት ነጥብ ነው።

ልዩነታቸው ባትሪው ላይ ነው። ኦኤም-1 የሜርኩሪውን ባትሪ ይፈልጋል፣ ኤምኤክስ ግን እስከ ዛሬ በየቦታው የሚሸጡትን ሁለት ኤልአር44 ወይም ኤስአር44 ይወስዳል። ኦኤም-1 የፍጥነቱን ቀለበት ሌንሱ ሥር ስላደረገው ዓይን ከመመልከቻው ሳይነሳ ግራ እጅ ሁሉን ይሠራል፤ ከላይ መዘውር ለለመደ ሰው ግን መጀመሪያ ግር ይላል። ለኤምኤክስ 40 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 የሆነ ከ2 ሳንቲሜትር ያነሰ ውፍረት ያለው ሌንስ አለ። እሱ ከተገኘ ካሜራው የኮት ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ግን ብቻውን ከካሜራው ጋር የሚቀራረብ ዋጋ ሊጠየቅበት ስለሚችል መጀመሪያ 50 ሚሊሜትሩን ያዙ።

ኬ1000 ከ1976 እስከ 1997 ተመርቷል። ከሁለቱ ይከብዳል፣ ይወፍራል፤ 620 ግራም ገደማ ነው። አሠራሩ ግን ቀላል ነው፣ መለዋወጫውም አይጠፋም። የመለኪያው ማጥፊያ ስለሌለው ሌንሱን በክዳን ካልሸፈናችሁት ባትሪውን ይጨርሳል።

በአጭሩ

| ካሜራ | ሌንስ | ፎከስ | ፍጥነት | ያለ ባትሪ | በማንዋል መለኪያ | ውፍረትና ክብደት | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ስሜና 8ኤም | 40 ሚሜ ኤፍ 4 | በግምት | 1/15–1/250 | ይሠራል | የለውም | ቀላል | ዝቅተኛ |
| ፔን ኤስ | 30 ሚሜ፣ ግማሽ ፍሬም | በግምት | 1/8–1/250 | ይሠራል | የለውም | ትንሽ | ዝቅተኛ–መካከለኛ |
| ሮሌይ 35 | 40 ሚሜ ኤፍ 3.5 | በግምት | 1/2–1/500 | ይሠራል | አለው | በጣም ትንሽ፣ 370 ግራም | ከፍተኛ |
| 35 አርሲ | 42 ሚሜ ኤፍ 2.8 | ሬንጅፋይንደር | 1/15–1/500 | ይሠራል | አይሠራም | ትንሽ፣ 410 ግራም | መካከለኛ |
| ካኖኔት ጂ3 | 40 ሚሜ ኤፍ 1.7 | ሬንጅፋይንደር | 1/4–1/500 | ይሠራል | አይሠራም | መካከለኛ፣ 620 ግራም | መካከለኛ |
| ኤክስኤ | 35 ሚሜ ኤፍ 2.8 | ሬንጅፋይንደር | ራሱ ይመርጣል | አይሠራም | ሙሉ ማንዋል የለውም | በጣም ትንሽ፣ 225 ግራም | መካከለኛ–ከፍተኛ |
| ኤምኤክስ | ይቀያየራል | በሌንሱ በኩል | 1–1/1000 | ይሠራል | አለው | ወፍራም፣ 495 ግራም ያለ ሌንስ | መካከለኛ |
| ኦኤም-1 | ይቀያየራል | በሌንሱ በኩል | 1–1/1000 | ይሠራል | አለው | ወፍራም፣ 510 ግራም ያለ ሌንስ | መካከለኛ |
| ኬ1000 | ይቀያየራል | በሌንሱ በኩል | 1–1/1000 | ይሠራል | አለው | ትልቅ፣ 620 ግራም ያለ ሌንስ | መካከለኛ |

ለማን የትኛው?

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነና ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ስሜና ግዙ፣ የተረፈውን ፊልም አድርጉት። አምስት ፊልም ያነሳበት ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚፈልግ ራሱ ያውቀዋል።

ካሜራ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ይሁን የሚል፣ አብዛኛውን ቀን ላይ የሚያነሳ ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ ሮሌይ 35 ወይም ቢ 35። አቅሙ ካልፈቀደ፣ ወይም ግምት ካስፈራው 35 አርሲ። ሕፃናት፣ ማታ፣ የቤት ውስጥ ብርሃን ከሆነ ካኖኔት። ለትምህርት የሚገዛ፣ ሌንስ እየቀያየረ ማደግ የሚፈልግ ሰው ኤምኤክስ ይግዛ። የአካሉ ጤንነት እርግጠኛ የሆነ ኦኤም-1 ካገኘና የባትሪውን ነገር ከተቀበለ ያም እኩል ነው። ኬ1000 የምመክረው ሁለቱ ሲጠፉ፣ ወይም በነጻ ሲሰጥ ነው። ፊልም በጣም ቆጣቢ መሆን ያለበት ሰው ፔን ኤስን ያስብ።

ለሁሉም አንድ ነገር፦ ካሰባችሁት ገንዘብ ሁሉንም ለካሜራው አታውሉት። ሁለት ፊልምና ማጠቢያው ተቀንሶ የቀረው ነው የካሜራው በጀት።

ከመክፈላችሁ በፊት

ጀርባውን ክፈቱ። የበሩ ዳርና ማጠፊያው ጋ ጥቁር ስፖንጅ አለ፤ ጣት ላይ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ ሟሙቷል፣ ፊልሙ ዳር ዳሩን ይቃጠላል። መጠገኑ ርካሽ ነው፣ ግን ከዋጋው አስቀንሱበት። ፍጥነቱን ቢ ላይ አድርጉ፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ሹተሩን ተጭናችሁ ያዙና በሌንሱ ውስጥ ወደ መብራት ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፤ ተዉት። ጥቂት የአቧራ ነጥቦች ምንም አይሉም። ከዚያ ወደ ኤፍ 16 እያጠበባችሁ ቅጠሎቹን እዩ፤ ዘይት ካለባቸው ያብለጨልጫሉ፣ ይንቀራፈፋሉም። ቅጠል ሹተር ላይ ዘይት ማለት ቀርፋፋ ሹተር ማለት ነው።

ሬንጅፋይንደር ከሆነ ቀለበቱን መጨረሻ ርቀት ላይ አድርጋችሁ ሩቅ ያለ ምሰሶ ተመልከቱ፤ ሁለቱ ምስሎች አንድ ካልሆኑ ተዛንፏል፣ ማስተካከያ ይፈልጋል። የጨርቅ መጋረጃ ሹተር ያለው ከሆነ ደግሞ ጀርባውን ከፍታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ መርፌ የምታህል ነጭ ነጥብ ካያችሁ ጨርቁ ተበስቷል። በተለይ የጨርቅ ሹተር ባላቸው ሬንጅፋይንደሮች ላይ (ከላይ ያየናቸው ግን ቅጠል ሹተር ናቸው) ሌንሱ ያለ ክዳን ፀሐይ ላይ ሲቆይ ብርሃኑን ሰብስቦ ጨርቁን ስለሚያቃጥለው ነው።

የመጀመሪያውን ፊልም ለሙከራ ስጡት። አይኤስኦ 200 ፊልም ይሁን። ቀን ላይ ጥላ ያለበት አንድ ግድግዳ ፊት ቁሙና አራት ጊዜ አንሱ፦ 1/250 በኤፍ 4፣ 1/125 በኤፍ 5.6፣ 1/60 በኤፍ 8፣ 1/30 በኤፍ 11። አራቱም ፊልሙ ላይ የሚያሳርፉት ብርሃን እኩል ነው። ቀጥሎ ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ሰያፍ አስቀምጡ፣ መሐል ያለውን መስመር ፎከስ አድርጉ፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ አንሱ። የቀረውን እንደፈለጋችሁ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የታተመውን ሳይሆን ኔጋቲቩን ወደ መስኮት ያዙ። የአራቱ ግድግዳዎች ጥቁረት እኩል ከሆነ ሹተሩ ጤነኛ ነው። 1/30 ያለው ከሌሎቹ ጠቁሮ ከታየ ዝቅተኛው ፍጥነት ይጎተታል። ከጋዜጣው ላይ የጠራው መስመር ከመረጣችሁት ፊት ወይም ኋላ ከሆነ ፎከሱ ተዛንፏል። ሻጩ ጋ ተመልሳችሁ ስትሄዱ ኔጋቲቩን ይዛችሁ ሂዱ።